በቆርቆሮው ገንዘብ የገዛሁት ላፕቶፕ

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ያለሁ ትንሽ ጸሐፊ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፤ ያወጣሁትን እመልሳለሁ፤ አለቃዬ «ያ ጉዳይ የት ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ተፈልጎ ይቀርባል» እላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ሌላ ሰው ነኝ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ፥ ሠርግ በሚበዛበት ጊዜ፥ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ዲጄ» ብሎ ይጠራኛል። ሽማግሌው «ዲጄ፥ ድምፁን ቀንስልን» ይሉኛል፤ ወጣቱ «ዲጄ፥ ጨምርበት» ይለኛል፤ እኔም ሁለቱንም እሺ እያልሁ እንደ ነበረ እተወዋለሁ። ይህን ዘዴ የተማርሁት ከመሥሪያ ቤቴ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ ሊያስፈጽም መጥቶ በሠርግ ላይ አይቶኝ ኖሮ ለየኝ። «ጋሼ፥ ለዲጄ የሚሆን ላፕቶፕ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ገና የ31 ዓመት ሰው ስለ ሆንሁ «ጋሼ» ማለቱ ትንሽ ቅር አሰኘኝ፤ የሆነ ሆኖ በአንድ ቃል ልመልስለት ፈልጌ አልቻልሁም። ይህን ነገር የተማርሁት በእናቴ ቤት ጣራ ዋጋ ነውና፥ ታሪኩን ሳልናገር መልሱን ብቻ ብሰጠው ያጭበረበርሁት መሰለኝ። በደረጃው ላይ ቆሞ ለመስማት ጊዜ አልነበረውም፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዕቁብ ወጣልኝ፤ 30,000 ብር። ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ሥራው ተቆርጦለት ነበር። ጉለሌ ያለው የእናቴ ቤት ጣራ ቆርቆሮው ዝጎ እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር እናቴ ሳፋና ባልዲ ስትደረድር ታድራለች። «ዘንድሮስ ሳይዘንብ ይሠራልሻል» ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር።

ዳሩ ግን ሰው ለራሱ ሲሟገት የሚያህለው ጠበቃ የለም። እስከዚያ ድረስ እሠራ የነበረው በጓደኛዬ ላፕቶፕ ነው፤ እሱም ከማገኘው ግማሹን ይወስዳል። «የራሴ ቢኖረኝ» አልሁ፤ «ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ ብቻ እንኳን ቆርቆሮውን ኮርኒሱንም ያሠራል።» ስሌቱን በተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ትርፍ ወጣልኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኋትም። ያልነገርኋት ስሌቱ ልክ እንዳልሆነ በልቤ ስለማውቅ ይመስለኛል።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። በመደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት መካከል አንዱ የፊደል ቁልፎቹ ቀይና ሰማያዊ ያበራሉ፤ ስክሪኑም ሰፊ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ባለ ሱቁ ዓይኔን አየና «ወንድሜ፥ ይኼ ባለ 1 ቴራ ነው፤ ያገሩ ዘፈን ሁሉ ገብቶ ገና ቦታ ይተርፍሃል» አለኝ። 28,000 ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ሰውየው አልዋሸኝም፤ ይህን ለእውነት ስል እመሰክራለሁ። በጥሩ ጥራት፥ ማለት በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3፥ የተያዘ የ5 ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋባይት ያህል ነው። 10,000 ዘፈን 120 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ሁሉ ሳያቋርጥ የሚሰማ ሰው ቢገኝ ወደ 35 ቀንና ሌሊት ይፈጅበታል፤ ሠርግ ግን ያው አንድ ምሽት ነው። እንግዲህ ለዲጄ 256 ጊጋባይት ይበቃ ነበር። እኔ የገዛሁት ብዙ ስፋትና ብዙ ብርሃን ነው፤ ዕቃውን የት እንደማስቀምጠው፥ በምን እንደሚሠራ፥ ሲደክም ምን እንደሚሆን አልጠየቅሁም።

ግንቦት ላይ አንድ ትልቅ ሠርግ ተያዝሁ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የቪዲዮው መብራት በርቷል፤ ሚዜዎች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ሙሽሮቹን እየመሩ ይገባሉ። የመግቢያውን ዘፈን ለቀቅሁ። ሙሽሪት ከበሩ አምስት ስድስት እርምጃ እንደ ተራመደች ሞንታርቦው «ት-ት-ት-ት-ት» ማለት ጀመረ፤ አንዲት ቃል እንደ ተንተባተበ ሰው ደጋገመ፤ ከዚያም ዝም አለ። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። አይጤው አይንቀሳቀስም። ሚዜዎቹ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቆሙ። እኔ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ቁልፉን ተጭኜ ይዤ ላብ ያጠምቀኛል፤ ያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያብረቀርቃል።

ያዳኑኝ እናቶች ናቸው። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ባለ ሐበሻ ቀሚሶች እልልታውን አቀለጡት፤ አንዲቱ ተነሥተው አወጡ፥ ሌሎቹ ተቀበሉ፥ አዳራሹ በጭብጨባ ተነሣ፤ ሙሽሮቹም በእነርሱ ዜማ ገብተው ተቀመጡ። ላፕቶፑ ተነሥቶ ዘፈን እስኪያሰማ አራት ደቂቃ አልፏል። ብዙ ሰው እንዲያውም የታሰበበት ሥርዓት ነው ብሎ ሳይወደው አልቀረም። የሙሽሪት አባት ግን አውቀዋል። በመጨረሻ ገንዘቤን ሲሰጡኝ አንድ ብር ሳይቀንሱ በኤንቬሎፕ ሰጡኝና «ልጄ፥ እግዜር ይስጥልን፤ ለታናሽቱ ሠርግ ግን ሌላ ሰው እንይዛለን» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በወደድሁ።

የሠርግ ወሬ ከሠርግ ወደ ሠርግ ይዛመታል። ይዘውኝ ከነበሩት ሁለቱ ሳይደውሉ ቀሩ። ክረምቱ ገባ። እናቴ ሳፋዋን ደረደረች። እውነቱን የነገርኋት ያን ጊዜ ነው፤ ሐምሌ ላይ፥ ሌሊት፥ ባልዲ ልደፋ ስነሣ። ምንም አላለችኝም፤ ባልዲውን ተቀብላኝ ራሷ ደፋችው። ውኃው ጠብ ጠብ ሲል ምቱን እየቆጠርሁ እስኪነጋ ተኛሁ ለማለት ያህል ተጋደምሁ። ያ ጣራ አንዴም አልተንተባተበም።

በነሐሴ ላፕቶፑን ይዤ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄድሁ። ልጅ እግር ነው፤ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከደረጃው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሠራል። ችግሩን ስነግረው መክፈቻውን አላነሣም፤ «ወንድሜ፥ ሲበላሽ የት ነበር የተቀመጠው?» አለኝ። «ጠረጴዛ ላይ» አልሁት። «ቤዙስ?» አለኝ። «ከጠረጴዛው ሥር።» ልጁ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የነገረኝ ነገር ከሻጩ ሱቅ ቀድሜ ብሰማው ኖሮ ጣራው ያን ጊዜ ይሠራ ነበር።

መጀመሪያው ነገር ዲስኩ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ያ ሁሉ ስፋቱ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለ ሆነ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያነበው ራስ ከዲስኩ ገጽ በዓይን በማይታይ ክፍተት ተንሳፍፎ ይሠራል። ሲናወጥ መስመሩን ይስታል፤ መስመሩን እስኪያገኝ እንደገና ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረ ብሬንዳን ግሬግ የሚባል መሐንዲስ ሥራ ላይ ባሉ ዲስኮች ፊት ቆሞ ሲጮህባቸው ሥራቸው ሲዘገይ በግራፍ አሳይቶ ነበር፤ ቪዲዮውን ብዙ ሰው አይቶታል። የአንድ ሰው ጩኸት ይህን ካደረገ፥ ከጠረጴዛው ሥር ሌሊቱን ሙሉ የሚደልቅ ቤዝ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ሲናወጥ የወደቀ መስሎት የዲስኩን ራስ ራሱ ወደ ጎን ያነሣዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚዞር ነገር የለውም፤ ቢጮሁበት አይሰማም። ስለዚህ 1 ቴራ የሚዞር ዲስክ ከሚሰጡኝ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ነገር ስውር ነው፤ ለእኔም ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ወንዝ አይፈስም፤ እየተሰፈረ ነው የሚሄደው። በሲዲ ደረጃ የተያዘ ዘፈን በ1 ሴኮንድ 44,100 ናሙና አለው። ላፕቶፑ ናሙናዎቹን እያዘጋጀ በአንድ ማጠራቀሚያ ያኖራል፤ ሞንታርቦው ከዚያ ይቀዳል። በየግቢያችን እንዳለው የውኃ ሮቶ ነው። ሮቶው ትልቅ ሲሆን መስመሩ ጥቂት ቢቋረጥም ቧንቧው አይደርቅም፤ ነገር ግን አሁን የገባው ውኃ ቧንቧው ጋ እስኪደርስ ይቆያል፤ ማለት እጄ ኮንትሮለሩን ነክቶ ድምፁ በኋላ ይመጣል። ማጠራቀሚያው 1,024 ናሙና የሚይዝ ሲሆን መዘግየቱ 23 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ 512 ሲሆን 12፤ 128 ሲሆን 3። ለሠርግ 512 ደኅና ነው፤ ሸክላ እንደሚያሽከረክሩት ሰዎች በእጁ ድምፅ የሚፈትል ሰው ግን ከዚያ ዝቅ ማለት ይፈልጋል።

እንግዲህ ላፕቶፑ በእነዚያ 12 ሚሊሴኮንዶች ውስጥ የሚቀጥለውን ስፍር ማድረስ አለበት። ሌሊቱን ሙሉ አድርሶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያረፍድ፥ ያቺ አንዷ «ጭ» ብላ በአዳራሹ ትሰማለች። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሲሮጥ የሚያስደንቅ ሳይሆን የማያረፍድ ነው። በመሥሪያ ቤታችንም አንዳንዱ ባለ ዲግሪ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ የእኛ ተላላኪ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፈርሟል። ጠጋኙ «ሌተንሲሞን» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈተና የሚያረፍደውን አሳየኝ፤ አንዱ የዋይፋዩ ሾፌር ነው፤ ሌላው ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚያንቀላፋው ማስተካከያ ነው። ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ ሦስተኛው ነው፤ የዲጄውን ፕሮግራም ሳልገዛ በፍላሽ የተቀዳ «ክራክ» ጭኜ ነበርና ከእሱ ጋር ቫይረስ ገብቶ ከጀርባ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። የመንግሥት መዝገብ ጠባቂ ሆኜ የተሰረቀ ዕቃ መያዜን አንድ ልጅ እግር ጠጋኝ ነገረኝ።

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። «ሚክስ» ተብሎ በሦስት «ኤክስ» የሚጻፍ፥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ፥ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የተፈቀደ ፕሮግራም አለ፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ሴራቶ፥ ሪኮርድቦክስ፥ ትራክተር፥ ቨርችዋል ዲጄ የሚባሉት የታወቁ ናቸው፤ መልካምም ናቸው፤ ግን እኔ በየወሩ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ኮንትሮለር የሚገዛ ሰው ከየትኛው ፕሮግራም ጋር እንደሚስማማ ቀድሞ ይመልከት፤ ላፕቶፑ የሚመረጠው ከዚያ ቀጥሎ ነው። እኔ በተቃራኒው ነበር የሄድሁት።

ላፕቶፑን በ19,000 ብር ሸጥሁት፤ ለገዢውም ለቢሮ ሥራ እንጂ ለድግስ እንደማይሆን ነገርሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በኪራይ ላፕቶፕ ትንንሽ ድግስ፥ የልደት፥ የምርቃት፥ የመልስ እየሠራሁ አጠራቀምሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ 40,000 ብር ሞላልኝ። በዚህ ጊዜ ግን ብልሃት አግኝቼ ነበርና ገንዘቡን ይዤ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ እናቴ ነው። «ጣራው ይሠራ ወይስ ልግዛ?» አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና «መብራት ቢጠፋ ይሠራል?» ስትል ጠየቀችኝ። «የትኛው?» አልሁ። «ላፕቶፑ ነዋ! ያ የፊተኛው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር። መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ካገኘህ ግዛ፤ ሳፋው እንደሆነ ለምዶኛል።» ሦስት ቅዳሜ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ከእሷ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሦስቱን ቅዳሜ የዞርሁት ኮንትሮለሬንና ማዳመጫዬን በቦርሳ ይዤ ነው። ፕሮግራሙንና ዘፈኖቹን በፍላሽ ይዤ እገባና «ልሞክረው» እላለሁ። አንዳንዱ ባለ ሱቅ «ልትገዛ ነው ልትጨፍርበት?» ብሎ አስወጥቶኛል። የፈቀዱልኝ ግን ብዙ ናቸው። ቻርጀሩን ነቅዬ ሁለት ዘፈን እያቀላቀልሁ ግማሽ ሰዓት አስኬደዋለሁ። ሌተንሲሞንን ከጎን እከፍታለሁ። የዩኤስቢውን ቀዳዳ ገመዱን ሰክቼ ወዲህ ወዲያ አወዛውዘዋለሁ፤ የላላ ከሆነ ሲጨፈር ይነቀላልና። ኮንትሮለሩ መብራቱን የሚያገኘው በዚሁ ገመድ ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ እስከ 500 ሚሊአምፔር፥ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ይሰጣል፤ የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ከተሰካ ግን ኮንትሮለሩ ሲርበው ይታያል። ባትሪውንም ቢሆን ሻጩ «አራት ሰዓት ይይዛል» ስላለኝ አልተቀበልሁም፤ ዊንዶውስ ሲታዘዝ የባትሪውን ታሪክ ጽፎ ያወጣል፤ አዲስ ሳለ ስንት ይይዝ እንደ ነበረና አሁን ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ይታያል። አንዱ «ስላይትሊ ዩዝድ» ብሎ ያቀረበልኝ ባትሪ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ሪፖርቱን ሳሳየው «እሱን ማን አስተማረህ?» አለኝ እንጂ አልተከራከረኝም።

በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። አንዱ ለጌም የሚሠራ ነው። ፕሮሰሰሩ ብርቱ ነው፤ ዋጋውን ከፍ ያደረገው ግን የምስል ካርዱ ነው፤ እሱም ሁለት ዘፈን ለማቀላቀል ብዙም አይረዳም። ከባድ ነው፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ማራገቢያው ከመጀመሪያው ሚዜ በላይ ይጮኻል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ማክቡክ ኤር ባለ ኤም1 ነው። ይህን በሐቅ ለመናገር ልቤ ሄዶበት ነበር። ማራገቢያ የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ ባትሪው ዘላቂ ነው፤ የድምፅ አሠራሩም ያለ ተጨማሪ ሾፌር የተስተካከለ ነው። ደግሞ የተገመጠው ፖም ወደ እንግዶቹ ዞሮ ሲታይ ዲጄው በአንድ ጊዜ ዋጋው ይጨምራል፤ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ነገር ግን ያለው ሁለት ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ብቻ ስለ ሆነ ማገናኛ ይፈልጋል፤ ሚሞሪው ከተገዛ በኋላ አይጨመርም፤ ዋጋውም ከኪሴ እጅግ የራቀ ነበር። ገንዘቡ ያለው ሰው ቢገዛው አላማውም።

ሦስተኛው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፥ ጥቁር፥ ጠርዙ ወፍራም፥ የመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚመስል። ጓደኞቼ ሲያዩት «ፋይል ቤትህን ይዘህ መጣህ?» ብለው ስቀውብኛል። ኮር አይ 5፥ 8ኛ ጄነሬሽን፥ ባለ አራት ኮር ነው፤ ሚሞሪ የሚሰካበት ሁለት ቦታ ስላለው የመጣበትን 8 ጊጋ ወደ 16 ማሳደግ ይቻላል፤ ኮንትሮለሩ የሚሰካበት የተለመደው ሰፊው ዩኤስቢ ቀዳዳም ሁለት አለው። ከሁሉም በላይ ግን ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፥ አንዱ ከኋላ። ከኋላ ያለው ሲያልቅ፥ ላፕቶፑ በውስጠኛው እየሠራ፥ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል። ይህን ሳይ የእናቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ በ36,000 ብር ገዛሁት፤ በተረፈውም ሚሞሪ ጨመርሁበት።

ነውሩንም አልደብቅም። ስክሪኑ ደብዛዛ ነው፤ መልስ በቀን ድንኳን ውስጥ ሲሆን ካርቶን ከልዬበት እሠራለሁ። አየር የሚተነፍስበት ቀዳዳ ስላለው በጠረጴዛ ልብስ ላይ ካስቀመጡት ታፍኖ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ ጣውላ ይዤ እሄዳለሁ። ዘመዶች ሊዘፍኑበት ብለው የዘፋኙን ድምፅ አውጥተህ ሙዚቃውን ብቻ ተውልን ሲሉኝ ይጨነቃል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፕሮግራሞቹ ዘፈኑ እየሄደ ድምፅና ከበሮን እየለዩ ማውጣት ጀምረዋል፤ ያ ሥራ ግን የአዲስ ፕሮሰሰር ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ቤቴ አዘጋጅቼው እሄዳለሁ። ቻርጀሩ ሲሰካ አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ ሞንታርቦው «ህምምም» ይላል፤ የመሬት ገመዱ ዙር ስለሚፈጥር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሦስተኛውን እግር በጉጠት ቁረጠው ብሎ መክሮኝ ነበር፤ ይህ ሰው የሚገድል ምክር ነው፤ እኔ በባትሪ እሠራለሁ ወይም በመካከሉ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገባለሁ።

ዛሬ ያገለገለ የሚገዛ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች ያሉትን፥ ከጥቂቶች በቀር፥ በደንቡ አይቀበልም። ኢንተርኔት ሳይነካ ለዘፈን ብቻ የሚውል ላፕቶፕ በአሮጌው ሊቆይ ይችላል፤ ተማሪ ግን በዚያው መመረቂያ ጽሑፉን ስለሚሠራበት አንዲት ጄነሬሽን ዝቅ ብሎ ጥቂት ሺህ ብር ማትረፍ አያዋጣውም።

ስለ መዝገብ ደግሞ ጥቂት ላክል፤ ይህ የእኔ ሞያ ነውና። በአዲሱ ላፕቶፕ በመጀመሪያው ወር አንድ አባት ወደ ጠረጴዛዬ ቀርበው የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ለመኑኝ። ስሙን ጻፍሁ፤ «አልተገኘም» አለኝ። እንደማለፍ ያለ አሳፋሪ ነገር የለም፤ ጥላሁን የሌለው ዲጄ! ነገሩ ወዲያው አልገባኝም፤ እኔ በንጉሡ «ሠ» ጽፌያለሁ፤ ዘፈኑን ሲያስገባ የነበረው ሰው በእሳቱ «ሰ» ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሁለቱ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋልና ለማሽኑ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሀ፥ ሐ፥ ኀም እንዲሁ፤ ማሕሙድም በየዓይነቱ ይጻፋል። አንድ ሙሉ ጾም፥ ምሽት ምሽት፥ የ6,000 ዘፈን ስም በአንድ አጻጻፍ አስተካከልሁ፤ ቁጥርም ሰጠሁት። አለቃዬ ቢያዩኝ ደመወዝ በጨመሩልኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ምቱን ቆጥሮ ሁለት ዘፈን በራሱ ያገጣጥማል የሚባለውንም ለሀገራችን ዘፈን ብዙ አትመኑት። ማሽኑ በአራት በአራት ነው መቁጠር የለመደው፤ ችክችካው ግን በስድስት ይሄዳል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የወጡትን የመሳሰሉ ዘፈኖች ደግሞ ባንዱ በአንድነት ተቀምጦ የተጫወታቸው ስለ ሆኑ ከበሮ መቺው ሲሞቀው ይፈጥናሉ። ያን ጊዜ በጆሮ ነው። ለጆሮ ደግሞ ላፕቶፕ አይመረጥም።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በእናቴ ሠፈር አንድ ሠርግ ነበር፤ እሷም ተጠርታ ከፊት ተቀምጣለች። ሙሽሮቹ ገብተው፥ ጭፈራው ደርቶ፥ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሞንታርቦው ዝም፥ ድንኳኑ ጨለማ ሆነ። በዚያ ሁሉ ጨለማ የሚበራው የእኔ ስክሪንና ከእሱ ኃይል የሚያገኘው ኮንትሮለር ብቻ ነበር። ዘፈኑ በማዳመጫዬ ውስጥ እየሄደ ነው። የድምፁን መሪ ወደ ታች ሳብሁት፤ ጀነሬተሩ ሲነሣ ሞንታርቦው በአንድ ጊዜ እንዳይፈነዳ ነው። እናቶች እንደ ተለመደው እልልታውን ቀጠሉ። ጀነሬተሩ ተነሣ፤ አምፖሎቹ በሩ፤ መሪውን ቀስ ብዬ ከፍ አደረግሁት፤ ዘፈኑ ከአዝማቹ ላይ ገባ። የሚጨፍሩት ሰዎች እግራቸውን እንኳ አልሳቱም። እናቴ ከተቀመጠችበት ወደ እኔ አየችና በእጇ ወደ ኋላ፥ ወደ ባትሪው ማለቷ ነው፥ አመለከተች።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የመኝታ ቤቱና የሳሎኑ ጣራ ተለወጠ። ማድ ቤቱ ቀርቷል፤ አናጺው 6 ቅጠል ቆርቆሮ ይበቃዋል ብሏል፤ ዋጋው ግን ባየሁት ቁጥር ይጨምራል። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሠርግ ይዣለሁ። ከሦስቱ አንዱ የእነዚያ አባት የታናሽቱ ልጃቸው ሠርግ ነው፤ ሌላ ዲጄ ይዘው ኖሮ ውል አፍርሶባቸው፥ እኔ መሆኔን ሳያውቁ በሰው በኩል አስጠሩኝ። ስደርስ አወቁኝ። ብዙ ቆይተው «ያ ላፕቶፕ ነው?» አሉኝ። «አይደለም፥ አባባ፤ ሌላ ነው» አልኋቸው። «ይሁን፤ ከጠረጴዛው ሥር ምንም እንዳታስቀምጥ ብቻ» አሉኝ። ማን እንደ ነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።